ፋውስቶ ቬንቱራ ሐሙስ የት ነበር

መጀመሪያ ያየችው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሯ ናት። ዓርብ ጠዋት ልጆቹን ጭና በአልሞንድ ለውዝ ማሳው ዳር ስታልፍ ንቦች መስታወቱን እንደ ጠጠር መቱባት። ቆም ብላ ብታይ፣ ካበቡት ዛፎች ሥር አንድ ሰው በሆዱ ተደፍቷል። ቡናማ ካፖርት የለበሰ መሰላት። አተኩራ ስታየው ካፖርቱ ይንቀሳቀሳል።

ኢንስፔክተር ሬይና ቦካኔግራና እኔ ስንደርስ የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ገና ከመኪናቸው አልወረዱም ነበር።

«ሰውየው በሕይወት አለ?» አለች ሬይና።

«ማን ሊጠጋው? ንቡ አይታይሽም እንዴ?»

ሬይና እጇን ወደ ጎኗ ሰብስባ፣ ውሃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ቀስ እያለች ሄደች። ተንበረከከችና ጣቶቿን በንቦቹ መሐል አሾልካ አንገቱን ዳሰሰች።

«ይተነፍሳል። እነሱም በርዷቸው ሙቀቱ ላይ ሰፍረው ነው እንጂ አልተቆጡም። ኑ፤ እጃችሁን ብቻ አታወናጭፉ።»

ሽማግሌው ሃይጋዝ ቶሮሲያን ነበር። እኛ ከተማ ሳን ቴልሞ ውስጥ ሃይጋዝን የማያውቅ የለም፤ አልሞንድ ባበበ ቁጥር ቀፎዎቹን ለገበሬው የሚያከራይ አርመናዊ ንብ አርቢ ነው። ከኋላው በብረት ተመትቷል። አጠገቡ አንድ ቀፎ ወድቆ ተሰባብሯል። የቀሩት፣ ረድፉ በሙሉ፣ የሉም። በቆሙበት ቦታ የገረጣ ሣር ብቻ ቀርቷል።

እኔ የአልሞንድ ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ከፑንጃብ መጥቶ በዚሁ ሸለቆ መሬት ሲገፋ ነው ያረጀው። ስለዚህ ስርቆቱ አልገረመኝም። በየካቲት ንብ ያልጎበኘው ማሳ አበባው ሳያፈራ ረግፎ ይቀራል። በዚያ ዓመት ደግሞ ብርዱ ብዙ ንብ ስለፈጀ ሰዉ ቀፎ ፍለጋ አብዶ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ሽማግሌ ከኋላው መምታት…

«ሳጅን ዲሎን፣» አለችኝ ሬይና፣ «መፈላሰፉን በኋላ። አሁን የጎማውን ዱካ ፎቶ አንሳልኝ።»

*

የመጀመሪያው ተጠርጣሪያችን የሃይጋዝ የወንድም ልጅ ከቮርክ ነበር። አጎቱ ንቦቹን ሸጦ እንዲያርፍ ሲጨቀጭቀው ዓመት አልፎታል፤ ሁለቱ ገበያ መሐል ሲጯጯሁ ያላየ የለም። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አገኘነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሐሙስ ማታ የት ነበርክ?»

«ቤተ ክርስቲያን። መዝሙር ልምምድ።»

«ስንት ሰው አይቶሃል?»

«አላዩኝም፣ ሰሙኝ እንጂ። ድምፄ ስለሚያስጠላ ሁሉም ያስታውሳል።» ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ንቦቹን ሽጥ ያልኩት እኮ እንዲህ ያለ ቀን እንዳይመጣበት ነው።»

ቄሱም ዘማሪዎቹም እውነት ነው አሉ። ስለ ድምፁም ጭምር።

ከሰዓት በኋላ የመስኖ ፓምፕ የሚጠብቅ ሰው መጣ። ሐሙስ ጨለማው ከያዘ በኋላ ተሳቢ የምትጎትት ሰማያዊ ፒክአፕ በማሳው ዳር ስትወጣ አይቷል። ሾፌሩን አላየም። የመኪናዋ አንዱ በር ግን ቀይ ነው።

ሬይናና እኔ ተያየን። ሳን ቴልሞ ውስጥ ቀይ በር ያላት ሰማያዊ ፒክአፕ አንዲት ብቻ ናት። የፋውስቶ ቬንቱራ ናት።

*

ፋውስቶ ከሜክሲኮ፣ ከኦሃካ ተራሮች የመጣ፣ ሚክስቴክ የሚባለው ነባር ሕዝብ ተወላጅ ነው። በዚህ ሸለቆ ወይኑን የሚለቅመው፣ ዛፉን የሚገርዘው እንደ እሱ ያለ ሰው ነው። ከሚስቱ ከኦቲሊያና ከልጁ ከናዬሊ ጋር ከማሸጊያ ፋብሪካው ጀርባ፣ አሮጌ ተጎታች ቤት ውስጥ ይኖራል። ልጅቷ ኩላሊቷ ስለደከመ በየሳምንቱ እየተመላለሰች ደሟ ይታጠባል። ቅዳሜ ጠዋት ስናንኳኳ የከፈተልን ራሱ ነው። ፒክአፗ በሩ ላይ ቆማለች። የጭነት ሳጥኗ ውስጥ የሰም ፍርፋሪና የሞቱ ንቦች አየን።

«ፋውስቶ፣ ሐሙስ ማታ የት ነበርክ?»

«እዚህ። እዚህ ነው የምኖረው፣ ሴኞራ።»

«የት ትኖራለህ አላልኩህም። የት ነበርክ ነው ያልኩህ።»

«እዚህ ነው የምኖረው። ሳን ቴልሞ። ካሊፎርኒያ።»

«ካሊፎርኒያ መሆናችንን እንኳ እናውቃለን፣» አልኩ እኔ። ማንም አልሳቀም።

ኦቲሊያ ከባሏ ፊት ቆመች። ቁመቷ ደረቱ ድረስ ነው። «ሐሙስ ማታ ባሌ ከእኔ ጋር ነበር። እራታችንን በልተን ተኛን።»

ሶፋው ላይ የተቀመጠችው ናዬሊ ቀና ብላ እናቷን አየች፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ጉልበቷ አቀረቀረች።

«ከፋውስቶ ሌላ መኪናዋን የሚነዳ ሰው አለ?» አለች ሬይና።

ኦቲሊያ አፏን ከፈተች። ፋውስቶ በቋንቋቸው አንዲት ቃል ተናገረ። ኦቲሊያ አፏን ዘጋች፤ ዓይኗ ግን በእንባ ተሞላ።

ካቴናውን ሳወጣ እጁን ራሱ ዘረጋልኝ። ከመውጣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ልጁን ግንባሯ ላይ ሳማት። የሰረቀ ሰው እንዲህ አይወጣም ብዬ አሰብኩ። ግን ንቦቹ መኪናው ላይ ነበሩ።

*

«አንድ ነገር አላማረኝም፣» አለች ሬይና እሑድ። «ያ የተሰበረ ቀፎ ከሌባው እጅ ነው ያመለጠው። የጣለው ሰው በንብ ተነድፏል። ፋውስቶ አንድ ቦታ እንኳ አልተነደፈም።»

«ጓንትና መሸፈኛ ለብሶ ይሆናል።»

«ይሆናል።»

ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አነጋገርን። ሁሉም ቆሎ እንደተካፈለ ሰው አንድ ዓይነት መልስ ሰጡን። ፋውስቶ እዚህ ነው የሚኖረው። ሁልጊዜም እዚህ ነው። የትም አይሄድም። ሬይና «ሐሙስ በዓይናችሁ አይታችሁታል?» ስትል ግን ይቁነጠነጣሉ፣ ልጅ ይጠራሉ፣ ድስት ያማስላሉ።

አየሁት ያለን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዶን ሮሰንዶ ፓርቲዳ። ዶን ሮሰንዶ ዋናው መንገድ ላይ ቢሮ ያለው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ቋንቋ ያልያዘ፣ ወረቀት ያልተሟላለት፣ ለልጁ የጤና መድን የሚፈልግ ሁሉ እሱ ዘንድ ይሄዳል። መንግሥት የሚከፍለውን መድን ለማግኘት ሰው የካሊፎርኒያ ነዋሪ መሆኑን ማሳየት አለበት። በስሙ ቤት ያልተከራየ፣ በስሙ መብራት የማይከፍል ሰው ይህን ማሳየት ይከብደዋል። ዶን ሮሰንዶ መንገዱን ያውቃል ይባላል።

ቢሮው ድረስ ሄድን። ዕለቱ እሑድ፣ ማግስቱም በዓል ስለሆነ ባዶ ነው። ጉንፋን ይዞኛል ብሎ አንገቱን በወፍራም ሻርፕ ጠቅልሏል።

«ምን ላድርግልሽ፣ ልጄ?»

«ስለ ፋውስቶ ቬንቱራ ነበር፣ ዶን ሮሰንዶ።»

አናቱን ነቀነቀ። «ያሳዝናል። የዋህ ሰው ነበር። ችግር ሰውን ምን የማያደርገው አለ?»

«ሐሙስ አይተውታል?»

«መናገር አልፈልግም ነበር…»

«ሽማግሌ ሊሞት ነው፣ ዶን ሮሰንዶ።»

«እንግዲህ ምን አደርጋለሁ። አመሻሹ ላይ ማደያው ጋ ቤንዚን ሲቀዳ አይቼዋለሁ። ተሳቢ ቀጥሎባታል። እጄን አወዛወዝኩለት፤ አልመለሰልኝም። የተጨነቀ ይመስል ነበር።»

ሁሉንም ጻፍኩ። ስንወጣ «ይኸው ምስክር፣» አልኳት። ሬይና መኪናው ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ መሪውን ያዘች።

«ሰፈሩ ሁሉ ‘ይኖራል’ ይላል። እሱ ብቻ ‘አየሁ’ አለ። የሚወዱት ሰዎች ለምን አላዩትም፣ ዲሎን?»

*

ሰኞ የመንግሥት በዓል ነው፤ ቢሮዎች ዝግ ናቸው። ኩላሊት ግን በዓል አያውቅም። ናዬሊ ወደምትታከምበት የእጥበት ክፍል ሄድን። ነርሷ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ሳቅ የሚቀናት ሴት ናት። የናዬሊን ስም ስንጠራላት ሳቋ ቆመ።

«ሐሙስ? ሐሙስማ ደሟ በጣም ወረደ። እዚሁ አሳደርናት። እናቷ እጇን ይዛ ነው ያደረችው።»

እኔ ሬይናን በክርኔ ነካኋት። ኦቲሊያ ዋሽታለች። ሐሙስ ቤቷም አልነበረችም፤ ከባሏም ጋር አልነበረችም። ፋውስቶ አለቀለት።

ሬይና ግን ሌላ ነገር ጠየቀች። «አባቷስ መጥቶ ነበር?»

«አባቷ? እሱን ከገና በኋላ አይቼው አላውቅም። ድሮ የሚያመጣት እሱ ነበር፣ በዚያች ቀይ በር ባላት መኪና። አሁን እናቷ ናት በአውቶቡስ የምታመላልሳት። ሲመለሱማ ልጅቷ መቆም እንኳ ያቅታታል፣ እኔ ዓይኔ እንባ እያቀረረ ነው የምሸኛቸው።»

መኪና በር ላይ ቆማ፣ ባል ቤት ተቀምጦ፣ የታመመች ልጅ በአውቶቡስ? እኔም ይህች አልዋጥ አለችኝ።

ሬይና ወደ ጣቢያ ተመለሰችና ፋውስቶ ሲያዝ የለበሰውን ጃኬት ከላስቲኩ አወጣች። የእጅጌው ጫፍ እንደ ቆዳ ደርቋል፣ ጠቁሯል። አሸተተችው። ከዚያም ጃኬቱን ታቅፋ ወደ እስረኛ ማረፊያ ክፍሉ ገባች፤ ተከተልኳት።

«ፋውስቶ፣ እናቴ ሰላጣ እየቆረጠች ነው ያሳደገችኝ። ሰላጣ ሲቆረጥ ወተት ያወጣል። ወተቱ እጅጌ ላይ ሲደርቅ እንዲህ ይጠቁራል፤ እናቴን በምንም ሳሙና አልለቅ ይላት ነበር። አሁን በየካቲት እኛ ሰፈር ሰላጣ የለም። ከዚህ ከተማ የሚነሳ የሰላጣ ቆራጭ ቡድን የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው።»

ፋውስቶ እጅጌውን አየና ዓይኑን መለሰ።

«ዩማ ነበርክ። ከካሊፎርኒያ ውጭ፣ አሪዞና። ቅዳሜ የመጣኸው ልጅህ መታመሟን ሰምተህ ነው።»

«እዚህ ነው የምኖረው፣ ሴኞራ።»

«መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሐሙስ ዩማ እንደነበርክ ከነገርከኝ ዛሬውኑ ልትፈታ ትችላለህ።»

ፋውስቶ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተመለከታቸው።

«ሽማግሌው ቢሞት ስንት ዓመት ይፈርዱብኛል?»

«ብዙ።»

«ልጄ እስከዚያ ኩላሊት ታገኛለች?»

ሬይና ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ተራ ይዛለች። ሐኪሙ ተራዋ እየቀረበ ነው ብሎኛል። ተራው የካሊፎርኒያ መድን ላላት ልጅ ነው።» ቀና አለ። «እኔ እዚህ ነው የምኖረው። የትም አልሄድኩም። እንደዚያ ብለው ይጻፉልኝ።»

ከክፍሉ ስንወጣ ሬይና ግድግዳውን ተደገፈች። ለብዙ ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ፤ እንዲያ ስትደገፍ አይቻት አላውቅም።

«ገባህ?» አለችኝ። «አሪዞና ነበርኩ ካለ የልጁ መድን የሚቆረጥ ይመስለዋል። እስር ቤቱን መርጧል።»

«በእርግጥ ይቆረጣል እንዴ?»

«አላውቅም። ቢሮው የሚከፈተው ነገ ነው። አሁን የምንፈልገው ዩማ ያየውን ሰው ነው፣ ተነስ። ወደ ዩማ እንሂድ።»

*

ማክሰኞ ፀሐይ ስትወጣ ሰላጣው እርሻ ዳር ቆመን ነበር። አረንጓዴው እስከ ተራራው ሥር ተዘርግቷል፤ ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ቢላቸው ብቻ ያብረቀርቃል። የቡድኑ አለቃ ፋውስቶ ቬንቱራ የሚባል ሰው በሥራ መዝገቤ የለም አለ። እውነቱን ነው። የራሱ ወረቀት የሌለው ሰው በሌላ ስም ነው የሚሠራው። ሬይና በዚህ ነገር አልገፋችበትም። ይልቅ ቆራጮቹ መሐል ገባች።

አብዛኞቹን በመልክ አውቃቸዋለሁ። የሳን ቴልሞ ሰዎች ናቸው፤ ዳቦ ቤት የምሰለፈው ከእነሱ ጋር ነው። እነሱ ግን የማያውቁኝ ሆኑ።

«ፋውስቶ ታስሯል፣» አለቻቸው ሬይና። «ሐሙስ ማታ ሰው መትቶ ቀፎ ሰርቋል ተብሎ። ሐሙስ ማታ ከእናንተ ጋር ነበር?»

ቢላዎቹ ቆሙ።

«ምን እንደምትፈሩ አውቃለሁ። አሪዞና ነበርን ካላችሁ መድናችሁን የምታጡ ይመስላችኋል። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ሕጉን አላውቀውም። የማውቀው ፋውስቶ ስለ ልጁ ብሎ አፉን መዝጋቱን ነው።»

ከረድፉ መጨረሻ አንዲት እርጉዝ ሴት ቀና አለች። ሆዷ ስለገፋ ቀና ማለቱም ጊዜ ወሰደባት። ክሬሴንሲያ ትባላለች።

«ስሜን ይጽፉታል?»

«እጽፈዋለሁ።»

«ዩማ እንደነበርኩም?»

«እሱንም።»

«ከዚያ የምወልድበትን መድን ቢከለክሉኝስ?»

«አይከለክሉሽም ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም፣ እህቴ።»

ክሬሴንሲያ ቢላዋን አፈሩ ላይ ሰካችው። እጇን በሱሪዋ ጠረገች።

«ይጻፉ። ክሬሴንሲያ ኦሄዳ። ሐሙስ ማታ ፋውስቶ እዚህ ነበር፣ መኝታ ቤታችን ውስጥ። ልጁ ሆስፒታል ፈርታ እያለቀሰች ደወለችለት። እስክትተኛ ድረስ በስልክ ዘፈነላት። ዘፈን አይችልም። ግን ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማው።»

ከጎኗ የቆሙ አንድ አዛውንት ኮፍያቸውን አወለቁ። «የልብ መድኃኒት የምወስድ ሰው ነኝ። እኔንም ጻፊኝ፣ ልጄ። ሰምቻለሁ።»

«እኔንም።»

«እኔንም ጻፉኝ። ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ የራሴን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ረድፉ ሁሉ ወደ እኛ መጣ። እየጻፍኩ ነበር፤ አቧራ ዓይኔ ውስጥ ስለገባ ግን ፊደሉ አልታይ አለኝ። ሬይና «ምን ሆንክ?» አለችኝ። «አቧራ ነው፣» አልኳት። ውሃ የጠጣ እርሻ ነው፤ አቧራ የለውም።

መጨረሻ ላይ ሬይና ክሬሴንሲያን ወደ ጥላው ወሰደቻትና ውሃ ሰጠቻት።

«እዚህ መሆናችሁን እንዳትናገሩ የመከራችሁ ማነው?»

ክሬሴንሲያ ነገረቻት።

«የፋውስቶ መኪና ቁልፍስ እዚህ ነበር?»

«ኧረ እሱ ጋ ነው ያለው! ‘መኪናህ በርህ ላይ ትቁም፣ እኔ አልፎ አልፎ አንቀሳቅሳታለሁ፣ ሰው ያለህ ይመስላል’ ብሎ ራሱ ነው ከፋውስቶ የወሰደው።»

*

መንገድ ላይ ሬይና ወደ አውራጃችን፣ ወደ ካውንቲው፣ የመድን ክፍል ደወለች። ያነሳችው ወይዘሮ ሎር የምትባል፣ ከእስያ ተራሮች የመጣው የሕሞንግ ሕዝብ ልጅ ናት፤ ድምጿ ላይ ገና ሻይ ያልጠጣ ሰው ስንፍና ነበረበት።

«አንድ ሰው ለወራት ሌላ ክፍለ ግዛት ለሥራ ቢሄድ የልጁ መድን ይቋረጣል?»

«ቤቱ እዚህ ነው?»

«አዎ።»

«ሊመለስ ነው ያሰበው?»

«አዎ። ልጁም እዚሁ ናት።»

«ታዲያ ለምን ይቋረጣል? ለሥራ ወጥቶ የሚመለስ ሰው ነዋሪ ነው። ልጅማ የመኖሪያ ወረቀት ኖራትም አልኖራትም እንሸፍናታለን። ይህን ያህል ዓመት በዚህ መስኮት ስንቱን አስረድቻለሁ! የተለየ ነገር የነገራቸው ማነው?»

«እሱን ዛሬ ከሰዓት እነግርሻለሁ፣» አለችና ሬይና ስልኩን ዘጋች። መኪናውን ዳር አስይዛ አቆመችና ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች።

*

ዶን ሮሰንዶ ሻርፑን አላወለቀም ነበር።

«የምስክርነት ቃልዎን እንዲያጸኑልኝ ነው የመጣሁት፣» አለችው ሬይና። «ሐሙስ አመሻሽ ፋውስቶን ማደያው ጋ አይተውታል።»

«እንዴታ።»

«በእርግጥ እሱ ነበር? ሌላ ሰው አይመስልዎትም?»

«ልጄ፣ ፋውስቶን እንደ ልጄ ነው የማውቀው። እጄን አወዛወዝኩለት አላልኩሽም?»

«ፋውስቶ ሐሙስ ዩማ ነበር።»

ሳቅ አለ። «እሱ ነው እንዲህ ያለሽ?»

«እሱ አላለም።»

«አየሽ። ሊልም አይችልም።»

«ለምን አይችልም፣ ዶን ሮሰንዶ?»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። «ማለቴ… ስላልነበረ።»

«አብረውት የነበሩት ብለዋል። የረድፉ ሰው በሙሉ። በየስማቸው።»

«አይሉም!» ከወንበሩ ብድግ አለ። «ውሸት ነው! እነሱ አይናገሩም! እኔ ነኝ የማውቃቸው፣ አንዳቸውም አፋቸውን አይከፍቱም!»

ሬይና እንዲያ ዝግ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

«ለዚህ ነው ፋውስቶን የመረጡት። ቁልፉ እርስዎ ኪስ ነው። አሪዞና መሆኑን ያውቃሉ። ነበርኩ ብሎ እንደማይናገርም ያውቃሉ፤ ምክንያቱም ፍርሃቱን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ሕጉ ከእነሱ ጋር ነበር። እርስዎ ግን ሕጉ የሚያሳድዳቸው አስመስለው፣ እየፈሩ እንዲመላለሱልዎት አደረጉ። ሻርፑን ያውልቁት።»

«ጉንፋን ነው።»

«ያውልቁት።»

አላወለቀም፤ እኔ አወለቅኩለት። አንገቱ ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው አብጦ ቀልቷል። ቀፎው ሲወድቅ ንቦቹ ቀድመው የመሰከሩበት እዚያ ላይ ነው።

ቀፎዎቹን ወደ ደቡብ ራቅ ካለ ማሳ ውስጥ አገኘናቸው። ገበሬው ከዶን ሮሰንዶና ከአማቹ ሕጋዊ መስሎት ነው የተከራያቸው። ውጫቸው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ውስጥ ያሉት እንጨቶች ላይ ግን ሃይጋዝ በጋለ ብረት የተኮሰው ምልክት አለ። አማቹ የተያዘ ዕለት ሁሉንም ተናገረ። ሽማግሌው ሊያየው እንደማይችል ተማምኖ ከኋላ የመታው ሮሰንዶ ነው።

ሃይጋዝ ረቡዕ ዓይኑን ገለጠ። ከቮርክ አልጋው ላይ ወድቆ ሲያለቅስ «አትዝፈንብኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም፣» አለው አሉ።

*

የማረፊያ ክፍሉን በር ሬይና ራሷ ከፈተች። የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ ስለ ዩማ፣ ስለ ክሬሴንሲያ፣ ስለ አዛውንቱ። ፋውስቶ ቆሞ ሰማት። ስለ መድኑ ሕግ ስትነግረው ደግማ እንድትነግረው ለመናት። ከዚያ ቁጭ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ አየሁት። ለራሱ ነው ብዬ ነበር።

«ክሬሴንሲያ ሳታውቅ ነው የተናገረችው?» አለ። «መድኗ እንደማይቆረጥ ሳታውቅ?»

«ሳታውቅ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሐሙስ ጠዋት ሬይናና እኔ ወደ ካውንቲው ቢሮ ሸኘነው። ኦቲሊያ ናዬሊን ይዛ መጥታለች። የመጠበቂያ አዳራሹ ሞልቷል፤ ከተራራው የመጡት፣ ከወይኑ፣ ከአልሞንዱ፣ ሁሉም ወለሉን እያዩ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ወይዘሮ ሎር መስታወቱ ጀርባ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ተቀምጣለች።

«ባለፉት ወራት ከካሊፎርኒያ ውጭ ነበሩ?»

ፋውስቶ ተነፈሰ። «ዩማ ነበርኩ። እሑድ ደግሞ እመለሳለሁ፤ ሰላጣው አላለቀም።»

«ሰላጣው ሲያልቅስ?»

«ወደ ልጄ እመጣለሁ።»

ወይዘሮ ሎር ጻፈች። «ጨርሰናል። የናዬሊ መድን አልተነካም። ተራዋም እንዳለ ነው።»

ፋውስቶ አልሄደም።

«እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ያንን ሕግ… ለሥራ ወጥቶ ስለሚመለሰው ሰው የሚለውን። ጮክ ብለው ይድገሙት።»

ወይዘሮ ሎር ከእሱ ትከሻ በላይ ወደ አዳራሹ አየች። የተደፉትን አናቶች አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፣ በጎኑ በር ወጥታ መሐል ወለሉ ላይ ቆመች።

«ስሙኝ!» አለች። «ለሥራ ወጥቶ የሚመለስ ሰው ነዋሪ ነው! አሪዞናም ይሂድ፣ ኦሪገንም ይሂድ!»

ፋውስቶ ወደ ሕዝቡ ዞሮ በሚክስቴክ ቋንቋ ተረጎመው። መጀመሪያ ድምፁ ተቆራረጠ። ሁለተኛ ጊዜ ሲለው ግድግዳው አስተጋባ። ሰዎች አንድ በአንድ ቀና ማለት ጀመሩ። ናዬሊ አባቷን እያየች ነበር፤ እንደዚያ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም።

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ሕፃን እንዳቀፈች ተነሳች።

«እኔ እንጆሪ ለቀማ ኦሪገን ሄጄ ነበር፣» አለች ቀስ ብላ። «ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ ሳላመለክት የቀረሁት። ልጄን ማስመዝገብ እችላለሁ?»

«ነይ፣» አለቻት ወይዘሮ ሎር። «ቅረቢ፣ እህቴ። ወንበሩን ሳቢና ተቀመጪ።»